ሰቃዮቹን ለውጣቸው ያሉ ጊዜ

ጣልያን ከሀገራችን ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ አውሮፕላኑን፣ ቦምቡን፣ የተቃጠለውን ቤትና የተነዳውን ከብት ያነሣሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ከሁሉ አብልጦ ያንገበገበኝ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ቤተ ክርስቲያናችን ገብቶ፣ ‹‹ለመሆኑ እናንተ ክርስቲያኖች ናችሁ?›› ብሎ የጠየቀን ሰው ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲማሩ ኖረው፣ ኋላ ከአንድ መነኩሴ ሥዕል ለመዱ። ከዚያ ወዲያ ከአምበር እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ሀገር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጎጃም የሸፈተ ሰሞን ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ሲገባ፣ እኔ ገና ልጅ አልወለድኩም ነበርና ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

የመንደራችንን ቤተ ክርስቲያን የሣሉት ጣልያን ከመምጣቱ በፊት ነው። ያን ጊዜ ገና አላገባሁም፤ ቀለሙን በድንጋይ ላይ የምፈጭላቸው እኔ ነበርኩ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ በምዕራብ በኩል፣ ሰው ገና ሲገባ የሚያየው ስቅለቱን ነበር። ጌታ በመስቀል ላይ፣ እመቤታችን ወዲህ፣ ዮሐንስ ወዲያ ሆነው ያለቅሳሉ። ከሥር ደግሞ የሮም ጭፍሮች አሉ። አንዱ መዶሻ አንሥቷል፣ ሁለቱ በልብሱ ላይ ዕጣ ይጣጣላሉ፣ አንዱ ጦር ይዟል።

በእኛ ሠዓሊዎች ሥርዓት ያመነ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር ሁሉ ይህን ያውቃል። አባቴ ግን ጦር ለያዘው ጭፍራ ሁለት ዓይን ሲሥሉለት አየሁና ደነገጥሁ።

‹‹አባባ፣ ተሳሳቱ እንዴ? ይኼ እኮ ጎኑን የወጋው ነው›› አልኳቸው።

‹‹አልተሳሳትሁም›› አሉኝ ብሩሻቸውን ሳያነሡ። ‹‹ወግቶ አልቀረም። ኋላ አምኗል። ያመነን ሰው አንድ ዓይን አድርጌ ብተወው በፈጣሪ ፊት ምን እላለሁ?››

ከጭፍሮቹ እግር ሥር በግእዝ፣ የሮም ጭፍሮች ጌታን እንደ ሰቀሉት የሚል ጻፉበት። ማንም ምንም አላለም። ከወንጌሉ የተለየ ነገር የለበትማ!

ጣልያኖቹ ወደ መንደራችን የመጡት ጥቅምት ውስጥ፣ እሑድ ቀን ነው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ጋ ተቀምጦ ጠበል ጠዲቅ ይቃመሳል። አንድ ሻምበል በበቅሎ፣ ባንዶች በእግር፣ አንድ አስተርጓሚ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ጥቁር ቀሚስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ መስቀል ያንጠለጠለ የፈረንጅ ቄስ። የመጡት ጠመንጃ ሊያስፈቱ ነው። ቄሱ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ማየት እፈልጋለሁ አለ።

ዲያቆኑ በሩ ላይ ቆሞ፣ ‹‹ጫማ ይውለቅ›› አለ። አስተርጓሚው ‹‹ዝም በል!›› ብሎ ገፋው። ቄሱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጫማውን ግን እንዳደረገ ገባ። በእነሱ ሀገር የቤተ ክርስቲያን ክብሩ ባርኔጣ ማውለቅ ነው ሲሉ ኋላ ሰምቻለሁ። ይሁን። ሰው ቤት ሲገባ ግን የቤቱን ሥርዓት መጠየቅ ነው እንጂ! ሻምበሉማ ጭቃውን ከነጫማው ይዞ ምንጣፉን እየረገጠ ሄደ። ሴቶቹ በሴቶች በር ገብተን ቆመን እናይ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅስ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቄሱ ያን ጥያቄ የጠየቀው። አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ አስተረጎመው፦

‹‹ለመሆኑ እናንተ ክርስቲያኖች ናችሁ? ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ታቦት ትሸከማላችሁ፣ ልጆቻችሁን በስምንተኛው ቀን ትገርዛላችሁ። ይህ ሁሉ የአይሁድ ነው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይም የምታስተምሩት ስሕተት ነው። አሁን ግን የሚያስተምር መጥቶላችኋል።››

የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ አለቃው ነበር። በዚያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልልም። መጻሕፍቱን አሳምሮ የሚያውቅ፣ በሰንበት ስለ ተዋሕዶ ሲሰብክ ጉልላቱን የሚያናውጥ ሰው ነው። ሁላችንም ፊቱን አየን። አንገቱን ደፍቶ፣ ‹‹ጌታዬ፣ እኛ አባቶቻችን የሰጡንን ይዘን የተቀመጥን ድሆች ነን›› አለ። ድሆች! እምነትህ ስሕተት ነው ለተባለ ሰው መልሱ ይህ ነው?

አባቴ ከኋላ ወጡና ለአስተርጓሚው፣ ‹‹ንገርልኝ›› አሉት። ‹‹ጌታችን አምላክም ሰውም ነው፤ ሳይለያይ፣ ሳይቀላቀል፣ አንድ ሆኖ። የምናምነው ይህን ነው። እሱ መምህር ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ምንጣፍ ይነጠፍና ቁጭ ብለን እንከራከር። ከጠዋት እስከ ማታ ቢፈጅም እኔ አልሰለችም። ብቻ እነዚህ ጠመንጃዎች ከቅጥሩ ውጭ ይቁሙ። በእኛ ሀገር በጉባኤ የሚከራከር ሰው ጠመንጃ አስይዞ አይመጣም።››

አስተርጓሚው ምን ያህሉን እንደነገረው አላውቅም። ቄሱ ፈገግ አለ፤ ልጅ አንድ ነገር ሲናገር ትልቅ ሰው ፈገግ እንደሚለው ያለ ፈገግታ። ያ ፈገግታ ባንዳው ኋላ ከመታኝ ሰደፍ የበለጠ አመመኝ።

ከዚያ ሻምበሉ ሥዕሉ ፊት ቆሞ፣ ጽሕፈቱ ምን እንደሚል ጠየቀ። አስተርጓሚው ዳዊት የደገመ ሰው ነበርና አነበበለት። ያን ጊዜ የሻምበሉ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ።

‹‹ሮም? ክርስቶስን ሮም ናት የሰቀለችው? ይህን ማን ሣለ?››

‹‹እኔ ነኝ›› አሉ አባቴ። ‹‹ያለው ግን ወንጌል ነው። ደግሞ እይ፣ ይህን ጦር የያዘውን እየው። እሱም ሮማዊ ነው። ሁለት ዓይን አለው። ስላመነ ነው። እኛ ሰውን በሀገሩ አንኮንንም። የወጋ እንኳ ቢሆን ካመነ ፊቱ ሙሉ ነው።››

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ቄስ ወንጌል ያውቃል። ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች የማን ጭፍሮች እንደነበሩ ከእኛ መማር አያስፈልገውም። ማወቁን ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ ሻምበሉ ዞር ብሎ ሲያየው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ‹‹አዎ፣ መጽሐፉ እንዲህ ይላል›› ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እኛን ሊያስተምር ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሰው አንዲት የታወቀች እውነት መናገር አቃተው።

ሻምበሉ በዱላው ሥዕሉን እየነካ አዘዘ፦ ‹‹ሰቃዮቹን ለውጣቸው። የሐበሻ መልክ ስጣቸው። ጎፈሬ፣ በርኖስ፣ ጋሻ አድርግላቸው። ከሥሩም ሽፍቶች ብለህ ጻፍ። በሚመጣው ወር ተመልሼ አየዋለሁ።››

እኔ ራሴን አላውቅም። ከሴቶቹ መካከል ወጥቼ ጮህኩ። ‹‹ጌታን ሐበሻ ነው የሰቀለው ልትሉ ነው? እኛ ያኔ የት ነበርን? በቤተ መቅደስ ውስጥ ፈጣሪን አትፈሩም?›› አንድ ባንዳ በሰደፍ ትከሻዬን መታኝና ወደቅሁ። ከወደቅሁበት የሰማሁት ድምፅ ግን የባንዳው አልነበረም፤ የአለቃው ነበር።

‹‹አንቺ ሴት፣ ዝም በይ! ቤተ ክርስቲያኑን ልታስቃጥዪው ነው?›› አለ።

በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ አለቃው ሽማግሎች አስከትሎ እኛ ቤት መጣ። ትከሻዬ አብጦ ምድጃ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እንዴት ነሽ እንኳ አላለኝም።

‹‹ወንድሜ›› አለ ለአባቴ፣ ‹‹ነገሩን በጥበብ እንያዘው። ሥዕል ሃይማኖት አይደለም። ቀለም ቀለም ነው። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው። ያሉትን ሣልላቸው፤ ነገ ሲወጡ ፍቀህ እንደነበረ ትመልሰዋለህ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንዳቃጠሉት አይተሃል።››

‹‹አይቻለሁ›› አሉ አባቴ። ‹‹የእኛንም ሊያቃጥሉት ይችላሉ፤ ያን አጥቼው አይደለም። ቢያቃጥሉት ኃጢአቱ የእነሱ ነው። ሐሰት ብሥልበት ግን የእኔ ነው። አለቃ፣ አንቱ መጽሐፍ ያነባሉ። የዚህ መንደር ሰው የሚያነበው ያን ግድግዳ ነው። ልጆቹ አባቶቻችን ጌታን ሰቀሉ እያሉ ይደጉ?››

‹‹ለጊዜው ነው እኮ!››

‹‹በዚህ መካከል የሚሞት ሰውስ? ሐሰቱን ብቻ እንዳየ ሊሄድ ነው።››

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ‹‹የልጅዎ ባል ዱር መግባቱን ቢነግሯቸውስ? እርሷንም አይምሯትም›› አሉ። ይህን የሚሉት ለእኔ አዝነው እንዲመስል በለሰለሰ ድምፅ ነው። እኔ ግን ከምድጃው ሥር ሆኜ፣ ‹‹በእኔ አይመካኝ!›› አልኩ። ‹‹እኔን ሰበብ አድርጋችሁ ውሸት አታሥሏቸው። ከፈራችሁ ፈራን በሉ።››

አባቴ ሳቅ አሉ። ያን ቀን ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አለቃው ተነሥቶ ሄደ።

ሻምበሉ እንደዛተው ተመለሰ። አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ‹‹አልሥልም›› አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባንዶቹ እጃቸውን በገመድ አስረው ወሰዷቸው። እስከ ወንዙ ድረስ እያለቀስኩ ተከተልኩ፤ እሳቸው ዞር ብለው፣ ‹‹ተመለሽ፣ ልጄ። ቀለሙ እንዳይደርቅ ክደኚው›› አሉኝ። ሰው እየታሰረ ስለ ቀለም ያስባል?

ሻምበሉ ገና ከመንደር ሳይወጣ አለቃው ኖራ በጥብጦ አዘጋጅቶ ነበር። ሻምበሉን ለማስደሰት የሥዕሉን የታች ክፍል በሙሉ፣ ከመስቀሉ እግር ጀምሮ፣ አስለሰነው። ጭፍሮቹ ጠፉ። ጽሕፈቱ ጠፋ። ያ ያመነውም አብሮ ጠፋ። ሻምበሉ ይሁን ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ስቅለት ለስግደት ስንቆም፣ ጌታ ከላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ማንም ሳይሰቅለው ራሱ የተሰቀለ መሰለ። አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት አጠገቤ ሆነው፣ ‹‹ልጄ፣ ሰቃዮቹ የት ሄዱ?›› አሉኝ። ‹‹ደብረ ማርቆስ ናቸው፣ እማማ›› አልኳቸው።

አባቴ የታሰሩት ደብረ ማርቆስ ነበር። ስንቅ ይዤ በእግሬ እየተመላለስሁ አያቸው ነበር። እስረኞቹን መንገድ ያሠሯቸዋል፤ ድንጋይ ያስፈልጧቸዋል። ዛሬ አንዳንድ ሰው መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ‹‹ጣልያን ክፉ ቢሆንም መንገዱን ሠርቶልናል›› ሲል እሰማለሁ። እኔ በተቀመጥኩበት እንዲህ ያለ ሰው ሰላም አያገኝም። መንገዱን የሠሩት እነ አባቴ ናቸው። ብሩሽ የሚይዝ ጣታቸው በመዶሻ ሲቆስል፣ ቁስሉ ሳይሽር እንደገና ሲቆስል አይቻለሁ። ጣልያን የሠራውስ? ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ማየት ነው።

አንድ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ስንጠብቅ ያ ቄስ መጣ። ለቆምነው ሰዎች በወረቀት የታተመ የጌታን ሥዕል ያድላል፤ ጸጉሩ የበቆሎ ጺም የመሰለ፣ ዓይኑ ሰማያዊ። እኔ ፊት ሲደርስ አወቀኝ።

‹‹አባትሽ ግትር ሰው ነው›› አለ በአስተርጓሚው። ‹‹ትንሽ ቢታዘዝ ዛሬ ቤቱ ነበር።››

‹‹አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ›› አልኩት። ‹‹አንቱ ወንጌል ያነባሉ። ጌታን የሰቀሉት የማን ጭፍሮች ናቸው?››

ቄሱ፣ ‹‹የሥዕሉ ነገር የመንግሥት ጉዳይ ነው። የእኔ ሥራ አይደለም›› አለ።

‹‹የጌታ ባሕርይ የአንቱ ሥራ ነው፣ ስቅለቱ ሲሆን የመንግሥት ሥራ ነው?›› አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን አላስተረጎመውም። ‹‹ሴትዮ፣ አባትሽን ማየት ከፈለግሽ ዝም በይ›› ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ቄሱ አንዷን ወረቀት እጄ ላይ አድርጎ አለፈ።

ተናድጄ አባቴ ዘንድ ገባሁ። ወረቀቷን ልቀድዳት ስል እጄን ያዙኝ።

‹‹አምጪው እስቲ።›› ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው ደጋግመው አዩት። ‹‹ጥሩ እጅ ነው። የልብሱን እጥፋት እዪው። ይህን የሣለው ሰው ያምን ነበር።››

‹‹አባባ! የእነሱ ነው እኮ!››

‹‹የጌታ ነው። በራሳቸው መልክ ሥለውታል፤ እኛም በራሳችን መልክ ነው የምንሥለው። በዚህ አልጣላቸውም። የምጣላቸው በሐሰቱ ነው። ሁለቱን አታደባልቂብኝ።››

እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት በእሳቸውም ተናደድኩ። ሰው ድንጋይ እያስፈለጠህ የሥዕሉን እጥፋት ታደንቃለህ? አጠገባቸው የነበረ አንድ የታመመ እስረኛ ግን ወረቀቷን ለምኖ ወሰደና ሳማት። አባቴ፣ ‹‹አየሽ?›› አሉኝ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ እስረኞቹ ወጡ። አባቴ ቤታቸው ገቡ። ባሌም ከነሕይወቱ ከዱር ተመለሰ፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ለምስጋና ቅዳሴ ሕዝቡ ሁሉ ተሰበሰበ። አለቃው ካባውን ደርቦ ቆመና፣ ‹‹በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእኛም ጥበብ፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእሳት ዳነች›› ብሎ ሰበከ። ሕዝቡ እልል አለ። አባቴ ከምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን እንኳ አላነሣም።

ቅዳሴው ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቅሁት። ‹‹አለቃ፣ ጥበብዎ ኖራው ነው? አባቴ እንደታሰሩ ኖራ ያስለሰኑት ማን ነው?››

‹‹አባትሽም ስለ ቤተ ክርስቲያን መከራ ተቀብለዋል። ሁላችንም የየድርሻችንን አድርገናል›› አለኝ፤ ድምፁ ሳይናጋ።

የየድርሻችንን! ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ኖራውን በውሃ ሊያጥቡት ሞከሩ። ቀለሙ አብሮ ተላጠ። አባቴ እንደገና ይሣሉት ተባለ፤ ጣቶቻቸው ግን ቀጭን ብሩሽ መያዝ አልቻሉም። ስለዚህ ከሌላ ሀገር ሌላ ሠዓሊ መጣ። ሲጨርስ ሄደን አየነው። ጭፍሮቹ የጣልያን የብረት ቆብ ደፍተዋል፤ ወገባቸው ላይ የጥይት ዝናር፣ ትከሻቸው ላይ ጠመንጃ። ሁሉም አንድ ዓይን ናቸው። ጦር የያዘውም አንድ ዓይን ነው። ሕዝቡ እልል አለ። ባሌ እየሳቀ፣ ‹‹ይገባቸዋል!›› አለ። እኔም ሳይ ልቤ ደስ አላለውም ብል እዋሻለሁ።

አባቴ ግን ቀረብ ብለው አይተው፣ ‹‹ያመነው የት አለ?›› ብለው ጠየቁ።

‹‹ምን ያመነ አለ? እነዚህ ያምናሉ?›› አላቸው አንድ ጎረምሳ። በወረራው ዘመን ለጣልያን ጭድ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው።

‹‹ስለ እነዚህ አልጠየቅሁም። ጌታን እነዚህ አልሰቀሉትም። ያን ጊዜ አያቶቻቸው እንኳ አልተወለዱም። የእኛን ቂም በወንጌል ውስጥ አታስገቡ። እነሱ ሐበሻ ሰቀለው በሉ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ሐሰት ስለሆነ ነው። ይኼም ሐሰት ነው።››

ከዚያ ያው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ‹‹ለጣልያን የሚያዝን ባንዳ ነው!›› አለ።

ባንዳ! ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩትን ሰው! ባሌ ሳቁ ጠፍቶ ወደ ሰውየው ተንደረደረ፤ አባቴ በዚያች በቆሰለች እጃቸው ክንዱን ይዘው አስቀሩት። ሕዝቡ ሁሉ ይሰማ ነበር። አለቃውም ነበር። ‹‹ይህ ሰው ባንዳ አይደለም›› ብሎ የተናገረ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔ እንኳ ያን ጊዜ አልተናገርኩም፤ ይኸው ዛሬ ነው የምናገረው።

ሥዕሉ እንዳለ ቀረ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ዳዊት ሲያስተምሩ ኖረው፣ በሰላም ቤታቸው ውስጥ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ባንዳ ያላቸው ሰው አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከፊት በኩል፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነበር የያዘው። ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ እሳቸውን በሕይወት ሳሉ፣ እኔን ከዚያ በኋላ።